አልጋ ወራሽ፦ በስያሜና በዘውድ መካከል

አልጋ ወራሽ የሚባለው ንጉሡ ወይም ንግሥቲቱ በሕይወት እያሉ ቀጥሎ ዘውድ እንደሚጭን በይፋ የታወቀለት ሰው ነው። ማዕረጉ ከሌሎች ማዕረጎች የሚለየው ዋጋው ወደፊት በሚመጣ ቀን ላይ በመንጠልጠሉ ነው። ደጃዝማች ዛሬ ደጃዝማች ነው፤ አልጋ ወራሽ ግን ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከፊቱ ያለው ሰው ሲሞት ወይም ሲወርድ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ዙሪያው ባለው ሰው ዘንድ የነገ ጌታ ነው፤ በሕግ ፊት ግን እንደማንኛውም የንጉሥ ተገዥ ነው።

ተተኪ የሚታወቅበት መንገድ ከአገር አገር ይለያያል። አንደኛው የልደት ቅደም ተከተል ነው። የበኩር ልጅ ማንም ሳይሾመው ወራሽ ይሆናል፤ የእንግሊዝ ዘውድ ለዚህ ምሳሌ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ወራሽ የሆኑት እናታቸው በነገሡበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። ዘውዱ የደረሳቸው ግን በ73 ዓመታቸው፣ በ2022 ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥም ቢሆን የሁሉም ወራሽ ቦታ እኩል ጽኑ አይደለም። እናታቸው ኤልሳቤጥ ከ1936 እስከ 1952 ወራሽ ተብለው የቆዩት በቅድመ ሁኔታ ነበር፤ አባታቸው ወንድ ልጅ ቢወልዱ ቦታውን ይለቁ ነበርና። በስዊድን ደግሞ ሕጉ ራሱ ተለወጠ። በ1980 መጀመሪያ ለወንድ ይሰጥ የነበረው ቅድሚያ ሲቀር፣ ወራሽነቱ ገና ዓመት ካልሞላው ልዑል ካርል ፊሊፕ ተነሥቶ ለታላቅ እኅቱ ለቪክቶሪያ ተላለፈ።

ሁለተኛው መንገድ የንጉሡ ምርጫ ነው። የዮርዳኖሱ ልዑል ሐሰን ከ1965 ጀምሮ ለ34 ዓመታት ያህል አልጋ ወራሽ ነበሩ። ወንድማቸው ንጉሥ ሑሴን በጥር 1999 ሐሳባቸውን ለውጠው ልጃቸውን አብደላን ሾሙና በሚቀጥለው ወር ዐረፉ። የሾመ እጅ መሻርም ይችላልና፣ በምርጫ የሚገኝ ወራሽነት እስከ መጨረሻዋ ቀን እርግጠኛ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ መብቱን ለአንድ ሰፊ የዘር ሐረግ ትቶ፣ ከመካከላቸው ማን እንደሚነግሥ ለጉልበት፣ ለምክርና ለጊዜው ሁኔታ የሚተው ነው። የኢትዮጵያ ዘውድ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በዚህ መንገድ ነው። አልጋ ወራሽ በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል አከራካሪ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

መብቱ ሰፊ፣ አልጋው አንድ

በኢትዮጵያ ለንግሥና የሚያበቃው ቀዳሚ ማስረጃ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚቆጠር ትውልድ ነበር። ከዚህ የዘር ሐረግ የሚወለድ ወንድ ሁሉ በመርሕ ደረጃ ሊነግሥ ይችላል። የበኩር ልጅነት ይረዳ እንጂ አይወስንም ነበር። የነገሥታቱም ልጆች ከብዙ እናቶች ስለሚወለዱ፣ አንድ ንጉሥ በሞተ ቁጥር ወንድማማቾችና አጎቶች ለአንዲት አልጋ ይፋለማሉ።

ለዚህ የተፈለገው መድኃኒት እስር ነው። በዛሬው ወሎ የምትገኘው አምባ ግሸን ዙሪያዋ ገደል የሆነ፣ መግቢያዋ ጠባብ የሆነ ተራራ ናት። የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች በዚያ ይቀመጡ ነበር፤ ይመገባሉ፣ ይማራሉ፣ ቅኔና ዜማ ይለምዳሉ፤ መውረድ ግን አይፈቀድላቸውም። ንጉሡ ሲሞት የቤተ መንግሥት ሰዎች ከመካከላቸው የመረጡትን ያወርዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የልጅነትና የወጣትነት ዘመናቸውን በዚህ አምባ ካሳለፉት አንዱ ናቸው። የግሸን እስር ቤት በግራኝ አሕመድ ጦር እጅ በ16ኛው መቶ ዓመት ሲወድቅ ልማዱ ለጊዜው ተቋረጠ። በጎንደር ዘመን ግን ወህኒ በተባለው ሌላ አምባ ተመልሶ መጣ።

አምባው አንድ ችግር ፈትቶ ሌላ ወለደ። የሚነግሠው ሰው አገሩን ሳያውቅ፣ ጦር ሳይመራ፣ ፍርድ ሳይሰጥ በድንገት ከተራራ ይወርዳል። ስለዚህ እውነተኛው ሥልጣን አውርደው ባነገሡት ሰዎች እጅ ይቀራል። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ ነገሥታት እንደ ልብስ ሲቀያየሩ አንጋሾቹ የሚጠቀሙት በዚሁ ሰፊ መብት ነበር። ከሰሎሞናዊ ዘር አንዱን ማግኘት ምንጊዜም አይቸግርምና።

በተመሳሳይ ዘመን ሸዋ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ከነጋሢ ጀምሮ እስከ ምኒልክ ድረስ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ቆየ። የሸዋ ገዥዎች ከያዟቸው ማዕረጎች አንዱ የሆነው መርዕድ አዝማች በኋላ ዘመን ለዘውዱ ወራሽ የተሰጠው የዚህ ቤት ትዝታ ስለነበረ ነው። ይሁንና ሸዋም የራሱ እስር ቤት ነበረው። ጎንጮ ላይ የገዥው ዘመዶች ይታሰሩ ነበር፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እስረኞቹን የለቀቁት በንግሥናቸው መጨረሻ ዓመታት ነው።

ወራሽ ያጡ ነገሥታት

የ19ኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ነገሥታት አገር አንድ ለማድረግ ቢተጉም ለአልጋቸው ጽኑ ተተኪ አላዘጋጁም። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲያጠፉ ልጃቸው አለማየሁ 7 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ አገሩ ወሰደው፤ በ18 ዓመቱም በዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ።

አፄ ዮሐንስ ጉዳዩን በጋብቻ ለማሰር ሞክረዋል። የሸዋው ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ስምምነት ከገቡላቸው በኋላ፣ የአፄ ዮሐንስ ልጅ አርአያ ሥላሴ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን በ1875 አገቡ። ሙሽሪት ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። ጋብቻው ሁለቱን ቤቶች በአንድ ወራሽ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ነገር ግን አርአያ ሥላሴ ከዘውዲቱ ልጅ ሳይወልዱ በ1880 ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ክፉኛ ሲቆስሉ፣ ራስ መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ተናገሩ። ኑዛዜው ግን ጦሩን ከመበተን አላዳነም። ምኒልክ ሰፊ ግዛት፣ ብዙ ጠመንጃና የተደላደለ ጦር ነበራቸውና በጥቅምት 1882 እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ጫኑ። በቃል የተሰጠ ወራሽነት በእጅ ባለ ኃይል ሲረታ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

ሥልጣን አግኝቶ ዘውድ ያጣው ልጅ ኢያሱ

አፄ ምኒልክ ራሳቸው ለአልጋው የሚሆን ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ሕመም እየበረታባቸው ሲሄድ የተተኪው ጉዳይ ቤተ መንግሥቱን ሁሉ አስጨነቀ። በ1901 ዓ.ም. የመረጡት የልጅ ልጃቸውን፣ የወይዘሮ ሸዋረጋንና የወሎውን ራስ ሚካኤል ልጅ ኢያሱን ነው። ልጅ ኢያሱ ያኔ 14 ዓመት ገደማቸው ነበር። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ተሾሙላቸው። የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ የሆኑት ሮማነወርቅም ተዳሩላቸው።

ውሳኔው በአዋጅ ሲነገር ያን ጊዜ የነበረውን የሕግ ዋስትና ሁሉ ይዞ ነው። ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ በምትኩ መሐላና ግዝት ነበሩ። መኳንንቱ ማሉ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ቃሉን በሚያፈርስ ላይ ግዝት ጣሉ። ርግማኑ ከሐዲውን ብቻ ሳይሆን ወራሹንም ይመለከት ነበር፤ ከመንገድ ቢወጣ እሱም ከቃሉ ቁራኝነት አያመልጥም። መሐላው ጽኑ ቢሆንም አንድ ክፍተት ነበረበት፦ ያሰረው ጳጳስ ሊፈታው ይችላል።

ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ሲሞቱ ሌላ ሞግዚት አልተተካም። ልጅ ኢያሱ በራሳቸው መግዛት ጀመሩ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዐረፉ፤ ሞታቸው ግን በይፋ ሳይነገር፣ ለቅሶም ሳይወጣ ቆየ። አልጋ ወራሹ የንጉሥን ሥራ እየሠሩ ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ። አባታቸው ራስ ሚካኤል በ1906 ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ፣ ልጅዬው ግን ያው ልጅ ኢያሱ ነበሩ። ዘውዱን አለመጫናቸው ጠላቶቻቸውን ጠቀመ፤ የተቀባ ንጉሠ ነገሥት ከማውረድ ያልተቀባ ወራሽ መሻር ይቀላል።

ልጅ ኢያሱ በአዲስ አበባ ከመቀመጥ ይልቅ ወደ አፋር፣ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ሲመላለሱ የሸዋ መኳንንት ተገለሉ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር ከኦቶማን ቱርክ ጋር መቀራረባቸው የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን ለጋሲዮኖች አሳሰበ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው እስልምናን ተቀብለዋል ብለው ከሰሷቸው። አቡነ ማቴዎስ ከማመንታት በኋላ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። በዚያው ቀን ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስና አልጋ ወራሽ ተባሉ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን አልጋ ለማስመለስ ዘምተው ጥቅምት 17 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ልጅ ኢያሱ ለተወሰኑ ዓመታት ሲሸሹ ቆይተው በ1913 ተያዙ፤ ፍቼ ታሰሩ፣ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙ፣ በኅዳር 1928 በእስር ላይ እያሉ ሞቱ።

የጠበቀውን ያገኘው ተፈሪ

የራስ ተፈሪ ወራሽነት ከፊተኞቹ የተለየ ነበር። ንግሥቲቱ ሴት በመሆናቸው የዘመኑ መኳንንት በቀጥታ እንዲያስተዳድሩ አልፈለጉም። ስለዚህ ራስ ተፈሪ ወራሽ ብቻ ሳይሆኑ ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴም ሆኑ። ይህ ድርብ ሹመት መጠበቅን ወደ ሥራ ለወጠላቸው። ሐረርን የመሰለ የንግድ በር የሆነ ግዛት ከአባታቸው ከራስ መኮንን ጀምሮ የቤታቸው መሠረት ነበር። የውጭ ጉዳይ በእጃቸው ነበር፤ በመስከረም 1916 ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስማቸው በውጭ አገር ገነነ። በዚያው ዓመት አውሮፓን ጎበኙ፤ ሊያሳምፁ ይችላሉ የሚባሉትን እነ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምንም ከአጠገባቸው ሳይለዩ ይዘዋቸው ሄዱ። በ1917 ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ከዚያ የሚወጣው ወጣት ነገ የሚሾመው በማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

በሌላ ወገን ሚዛኑን የሚጠብቁ ሁለት አንጋፎች ነበሩ፦ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና አቡነ ማቴዎስ። ሁለቱም በ1919 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በተቀራራቢ ጊዜ ሞቱ። አልጋ ወራሹ የፊታውራሪውን ጦር ወዲያው በራሳቸው ሥር አደረጉ።

በየካቲት 1920 የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሣፎ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ ጫፍ ሰፈሩ። ባልቻ የዓድዋ ጀግና፣ የምኒልክ ታማኝና የተፈሪን አካሄድ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ራስ ተፈሪ በጦር አልገጠሟቸውም፤ ግብር ጠሯቸው። ደጃዝማቹ ከጥቂት መቶ አጃቢ ጋር ቤተ መንግሥት ገብተው ሲበሉ ሲጠጡ፣ የአልጋ ወራሹ ሰዎች ሰፈሩ ድረስ ሄደው ወታደሩን በገንዘብ አባብለው በተኑት። ሲዳሞም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈራቸው ባዶ ነበር፤ እጃቸውን ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልቀራቸውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ በቤተ መንግሥቱ ዘብ የተሞከረው ዓመፅም ከሸፈ። ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ንጉሥ ተባሉ። በአንድ ከተማ ውስጥ ንግሥተ ነገሥታትና ንጉሥ በአንድነት መኖራቸው ከልማድ ውጭ ቢሆንም የሚከለክል ኃይል አልነበረም። የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በተፈሪ ላይ አምፀው በመጋቢት 1922 አንቺም ላይ ሲዋጉ ሞቱ። በዚያው ሳምንት፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ሲጭኑ የሚቀናቀናቸው አልነበረም። በ14 ዓመት ውስጥ ወራሽነት የሚሰጠውን ተስፋ አንድ በአንድ ወደ ጦር፣ ወደ ገቢና ወደ ታማኝ ሰው ለውጠውት ነበር።

ሕግ የገባበት ወራሽነት

ንጉሠ ነገሥቱ እሳቸው የተጓዙበትን መንገድ ለሌላ ክፍት አድርገው መተው አልፈለጉም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከሣህለ ሥላሴ ቤት በተወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ብቻ እንዲወሰን ደነገገ። በዚህ አንድ አንቀጽ የትግራይ፣ የጎንደር፣ የወሎና የጎጃም ቤቶች የነበራቸው የቆየ ተስፋ በሕግ ተዘጋ። በጥቅምት 1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ቅደም ተከተሉን አጠበቀ፦ ከወንድ ወደ ወንድ፣ በታላቅነት ተራ፣ በሕጋዊ ጋብቻ ለተወለደ ብቻ። ወራሹ 18 ዓመት ካልሞላው እንደራሴ እንዲሾም፣ የዘውድ ምክር ቤትም እንዲኖር ወሰነ። ልዕልት ተናኘወርቅ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ሆነው በመንግሥት ጉዳይ ተሰሚነታቸው የታወቀ ቢሆንም ሕጉ ሴቶችን ሙሉ በሙሉ አስወጣቸው።

ሕጉ ማን እንደሚወርስ በማያሻማ ቃል ተናገረ። ወራሹ እስከዚያው ምን እንደሚሠራ ግን አልተናገረም፤ የአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ሕይወት ያለፈውም በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1908 ሐረር ተወልደው በአባታቸው ንግሥና ወቅት፣ በ14 ዓመታቸው አልጋ ወራሽ ተባሉ። መርዕድ አዝማች የሚለው ማዕረግና የወሎ ግዛት ተሰጣቸው። ይሁንና አባታቸው ከራሳቸው ሕይወት የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፦ ጦርና ገቢ በእጁ ያለ ወራሽ ምን ሊሠራ እንደሚችል። ስለዚህ ዋናው ሥልጣን ከግቢ አልወጣም። ንጉሠ ነገሥቱ ለሁለተኛው ወንድ ልጃቸው፣ ለሐረሩ መስፍን ለልዑል መኮንን የሚያደሉ መሆናቸውም በሰፊው ይወራ ነበር፤ ልዑሉ ግን በግንቦት 1949 በመኪና አደጋ ሞቱ።

ታኅሣሥ 1953 ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ዓመፅ አስነሡ። የአዲሱ መንግሥት መሪ ይሆናሉ ተብለው የታወጁት አልጋ ወራሹ ናቸው፤ በሬዲዮ የተሰማውን መግለጫ ያነበቡትም እሳቸው ነበሩ። ዓመፁ በቀናት ውስጥ ሲከሽፍ ያነበቡት ተገድደው መሆኑ ተነገረ። ሕጋዊ ቅጣት አልደረሰባቸውም። ዓመፀኞች በስማቸው ለመጠቀም የመረጧቸው ወራሽ በመሆናቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ዓይን የታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዘመን በገፋ ቁጥር ጥያቄው እየከበደ መጣ። በጥር 1965 አልጋ ወራሹ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ያኔ 80 ዓመት አልፏቸው ነበር። በሚያዝያ 1966፣ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ዘርዓ ያዕቆብ አስፋ ወሰን ተተኪ መሆናቸውን አስታወቁ። ልዑሉ ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ውሳኔው የመጣው የሚወረሰው ነገር እየፈረሰ ሳለ ነው።

ጦር፣ ጊዜና ሕግ

በፖለቲካ ጥናት ዘንድ ይህ ችግር የታወቀ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጎርደን ተለክ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ፍጹማዊ አገዛዝ ባሳተሙት መጽሐፍ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ፣ ገዥ ተተኪውን አስቀድሞ ሲሰይም ለራሱ ተቀናቃኝ እንደሚፈጥር ነው። ሹመት ፈላጊው ሁሉ ፊቱን ወደ ነገው ሰው ያዞራል። ገዥው ይህን ፈርቶ ወራሹን ቢያደክመው ደግሞ ዕለቱ ሲደርስ ወራሹ አልጋውን ይዞ ማቆም አይችልም።

የኢትዮጵያ ታሪክ ሁለቱንም ጫፎች ያሳያል። ተፈሪ የበረቱት ከፊታቸው ያሉት ንግሥት ሊያዳክሟቸው ስላልቻሉ ነው። አስፋ ወሰን የደከሙት አባታቸው ከዚያ ታሪክ የተማሩ ስለነበሩ ነው። ልጅ ኢያሱ ሥልጣኑን ቢያገኙም፣ ወራሽን ንጉሠ ነገሥት የሚያደርጉትን ሦስቱን ነገሮች፣ የመዲናዋን ጦር፣ የመኳንንቱን ስምምነትና የቤተ ክርስቲያንን ቅብዓት፣ በአንድ ጊዜ አላስተባበሩም። ዘውዱ በሰላም ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍባቸው አገሮች ደግሞ ንጉሡ የሚያዝዘው እምብዛም አይደለም፤ የእንግሊዝም ሆነ የስዊድን ወራሽ ተረጋግቶ የሚጠብቀው መንግሥቱ በምርጫ በተቀመጠ ሰው እጅ ስላለ ነው። ወራሹ ጥያቄ የማያስነሣው የሚወርሰው ነገር ሲያንስ ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ በመጀመሪያ አስፋ ወሰን ንጉሥ እንደሚሆኑ አወጀ። እሳቸው ሕክምና ላይ ነበሩና አልመጡም። መጋቢት 12 ቀን 1967 ዘውዱ ራሱ ተሻረ፤ የአልጋ ወራሽነት ሕጋዊ ህልውናም በዚያ ቀን አበቃ። አስፋ ወሰን በ1981 ለንደን ላይ በደጋፊዎቻቸው ዘንድ ንጉሠ ነገሥት አምኃ ሥላሴ ተባሉ፤ ከዚያም ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ወደ አሜሪካ ቨርጂኒያ ተሻግረው በጥር 1989 ዐረፉ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በውጭ አገር ያለው የዘውድ ምክር ቤት ዛሬ በባህልና በበጎ አድራጎት ሥራ ይታወቃል። በሕግ የሚሰይመው አልጋ ወራሽ የለም።